እጣው ከወጣ በኋላ



በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በረዶው መቅለጥ ሲጀምር በእኛ ቤተሰቦች መካከል አንድ ጥያቄ ይነሳል። «ልጃችሁን እዚያው ቻርተር ነው የምታቆዩት ወይስ ታዛውሩታላችሁ?» ይባባላሉ። ጥያቄው ከጁሙዓ በኋላ በመስጊዱ ደጃፍ ይጀምርና ቡና ላይ ይደርሳል፤ ከቡናው ወደ ስልክ ይገባል፤ በሴፕቴምበር ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ልጆቹ ከአንዱ ቻርተር ወጥተው ሌላው ውስጥ ይገኛሉ። ለምን እንዳዛወሯቸው ወላጆቹን ብትጠይቁ አብዛኞቹ የሚሰጧችሁ መልስ «ጥሩ ነው ሲሉ ሰምተን» የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ልማዳችንን ለመተቸት የተጻፈ ነው። ከልማዱ ጋር አንድ ፊልምም አብሮ ይተቻል፤ ምክንያቱም ስለ ቻርተር ትምህርት ቤት የምናወራበት አነጋገር የዚያ ፊልም አነጋገር ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እኔ ቅዳሜና እሁድ በመድረሳ ልጆች የማቀራ ሰው ነኝ። የቀለም ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን በሳምንቱ መጨረሻ ከፊቴ የሚቀመጡት ልጆች ከሰኞ እስከ ዓርብ በእነዚሁ ቻርተሮች የሚውሉ ናቸውና ትምህርት ቤት ሲቀያየር በልጁ ላይ የሚሆነውን በቅርብ አያለሁ።

በቅድሚያ አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች ቻርተር ስኩል ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስና ክፍያ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን በአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሥር ሳይሆን በራሱ ቦርድ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው። ስሙ የመጣው ከተቆጣጣሪው አካል ጋር ከሚፈራረመው ውል ነው። የመጀመሪያው የቻርተር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው እዚሁ ሚኒሶታ ሲሆን፣ በዓመቱ በ1992 ሲቲ አካዳሚ የተባለው ቻርተር በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። ዛሬ ከ40 የሚበልጡ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አላቸው፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆችም በቻርተር ይማራሉ። ማንኛውም ልጅ ማመልከት ይችላል፤ አመልካቹ ከቦታው ከበዛ ግን እጣ ይወጣል። ፊልሙም የተሠራው ስለዚህ እጣ ነው።

ፊልሙ «ዌይቲንግ ፎር ሱፐርማን» ይባላል፤ ሱፐርማንን በመጠበቅ ላይ እንደማለት ነው። ዴቪስ ጉገንሃይም የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ዘጋቢ ፊልም ሲሆን ከሃርለም፣ ከብሮንክስ፣ ከዋሽንግተን፣ ከሎስ አንጀለስና ከሲሊከን ቫሊ የተመረጡ አምስት ልጆችን እየተከተለ የቻርተር እጣ እስኪወጣ ድረስ ያሳየናል። ርእሱ የተወሰደው ጄፍሪ ካናዳ ከተባለው የሃርለም የትምህርት ሰው ነው። ካናዳ ልጅ ሳለ እናቱ ሱፐርማን የሚባል ሰው በእውን የለም ብትለው፣ ታዲያ ማን መጥቶ ያድነናል ብሎ እንዳለቀሰ ይተርካል።

የፊልሙን በጎ ጎን መካድ ነውር ነው። አዘጋጁ ገና ሲጀምር የራሱን ልጆች በመኪና ይዞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን እያለፈ ወደ ግል ትምህርት ቤት እንደሚወስዳቸው ሳይደብቅ ይናገራል። እንዲህ ያለ ግልጽነት በእኛ የትምህርት ኮሚቴዎች ስብሰባ ላይ ቢገኝ ምንኛ በጠቀመን! ከሃርለም የቀረበችው እናት ታሪክም ልብ ይነካል። ልጇን የግል ትምህርት ቤት ልታስተምር ትለፋ ነበር፤ ክፍያው ሳይሟላላት ቀርቶ ሕፃኗ ከእኩዮቿ የምርቃት በዓል ላይ ታገደች። በመጨረሻም የእጣው ቀን ይመጣል። ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች ይሽከረከራሉ፣ ስም ይጠራል፣ ወላጆች እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ከአምስቱ ልጆች አንዷ እጣው ይወጣላታል፤ አንዱ ከተጠባባቂ ዝርዝር ቆይቶ ይጠራል፤ ሦስቱ ይቀራሉ።

ታዲያ ፊልሙ የሚያበቃውም እዚህ ላይ ነው። የተመረጠው ልጅ ከገባ በኋላ ምን ተማረ? በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ለቀቀበት ወይ? በእንግሊዝኛ ንባብ ወደ ኋላ ሲቀር ማን አየው? እናቱ ትምህርት ቤቱን ወደደችው ወይስ ሌላ መፈለግ ጀመረች? ፊልሙ ስለዚህ አንዳች ነገር አይነግረንም። ትምህርት ቤቱ እንደ ሎተሪ ሽልማት፣ ወላጁም እጣ እንደሚጠብቅ ሰው ብቻ ሆኖ ቀርቧል። እኔ ከፊልሙ የማልስማማበት ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ፊልሙ ራሱ ከአምስት ቻርተሮች አስደናቂ ውጤት የሚያመጣው አንዱ ብቻ መሆኑን ይጠቅሳል፤ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሶት ያልፋል። የቀሩት አራቱ ውስጥ የገቡት ልጆችስ? እነሱም እኮ እጣ ወጥቶላቸው፣ እናታቸው እልል ብላ የገቡ ናቸው!

እጣ በእስልምና እንግዳ ነገር አይደለም። መብታቸው እኩል በሆኑ ሰዎች መካከል ቁርዓ መጣል በፊቅህ የታወቀ ነው። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ውስጥ መርየምን ማን ያሳድጋት በሚለው ጉዳይ ሰዎች ብዕሮቻቸውን እንደጣሉና ኃላፊነቱ ለዘከሪያ (ዐ.ሰ.) እንደሆነ እናነባለን። እዚያው ሱራ ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ። ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) መርየም ወደምትገኝበት ሚሕራብ በገቡ ቁጥር ከእርሷ ዘንድ ሲሳይ ያገኙ ነበር፤ ከየት እንደመጣላትም ጠይቀዋታል። አሳዳጊው ይገባሉ፣ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ። እጣው የወጣው አንድ ቀን ነው፤ መግባቱና መጠየቁ ግን ልጅቱ እስክታድግ ነው። ፊልሙ የጎደለው ይህ ነው፤ እኛም ቤት የጎደለው ይኸው ነው።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። ስለ ቻርተር ስናወራ ወይ «ቻርተር ጥሩ ነው» ወይ «ቻርተር አይረባም» እንላለን። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ክሬዶ የተባለ የጥናት ማእከል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት በሒሳብ ትምህርት ከአካባቢያቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተሻሉት ቻርተሮች 17 ከመቶ ነበሩ፤ 37 ከመቶዎቹ የባሱ፣ 46 ከመቶዎቹ ደግሞ ያልተለዩ ሆነው ተገኙ። ይኸው ማእከል በ2023 ባወጣው ሌላ ጥናት የቻርተር ተማሪዎች በአማካይ በንባብ የ16 ቀን፣ በሒሳብ የ6 ቀን ትምህርት ያህል ብልጫ አሳይተዋል። አንዱ ወሬኛ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ይዞ ይከራከራል። ሆኖም ሁለቱም ጥናቶች የሺዎች አማካይ ናቸው። አማካይ ቁጥር የእናንተ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ማን እንደሚያስተምር አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «ኡስታዝ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ መማር ነው የሚሻለው ማለትህ ነው?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። አይደለም። የእኛ አባቶች እውቀትን የፈለጉት እየተዘዋወሩ ነበር። ወሎ ውስጥ ደረሳ የነበረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፊቅህ የሚቀራው አንድ ሸህ ዘንድ ነው፤ ነሕው ለመቅራት ደግሞ በዚያ የታወቀ ሌላ ሸህ ፍለጋ ስንቁን ይዞ ይወጣል፤ ዳና ይደርሳል፣ ገታ ይደርሳል። ማንም «ይህ ደረሳ ወላዋይ ነው» አላለውም። ነገር ግን ያ ደረሳ ሲነሳ የጀመረውን ኪታብ ጨርሶ፣ ከሸሁ ዱዓ ተቀብሎ፣ የሚሄድበት ሸህ ምን እንደሚያቀራ አውቆ ነበር። ግማሽ ኪታብ ጥሎ የሚሄድ፣ አዲሱ ቦታ ምግቡ ይሻላል ሲባል የሚነሳ ደረሳም አልጠፋም፤ እርሱ በየሄደበት ከመጀመሪያው ገጽ ሲጀምር ሽበት አወጣ። እኔ በመድረሳዬ የማየው ልጅ ሁለተኛውን ይመስላል። በአራት ዓመት ሦስት ቻርተር የቀየረ አንድ ልጅ አለኝ። ማካፈልን በአንዱ ሳይጨርስ ወጣ፤ አዲሱ ቤት ሲደርስ ክፍሉ ማካፈልን አልፎ ክፍልፋይ ላይ ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም። በቁርኣን ሒፍዙ ከእኩዮቹ የሚቀድም ነው። ማካፈል የተማረበት ቀን ግን የለም።

ከወላጆች የምሰማው ትልቁ የመዛወሪያ ምክንያት ዲን ነው። «እዚያኛው ቻርተር ሙስሊም ይበዛል፤ ልጄ ዲኑን ይዞ ያድግልኛል» ይላሉ። ጭንቀቱ የተከበረ ነው፤ እኔም የምጋራው ነው። ነገር ግን ይህን የሚሉ ወላጆች አንድ ነገር ማወቅ አለባቸው። ቻርተር የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በሕጉ መሠረት ሃይማኖት ሊያስተምር አይችልም። ርእሰ መምህሩ ሐጂ ቢሆኑ፣ ከተማሪው ዘጠና ከመቶው ሙስሊም ቢሆን ሕጉ ያው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን እዚሁ ሚኒሶታ የሆነ ታሪክ አለ። ጣሪቅ ኢብን ዚያድ አካዳሚ የተባለ ቻርተር እ.ኤ.አ. በ2003 በኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ተከፍቶ ነበር። አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ከስደተኛና ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ሲሆኑ የፈተና ውጤታቸው ግን የሚደነቅ ነበር፤ ወላጆች ለመግባት ይጋፉ ነበር። በ2008 የግዛቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት መርምሮ በዓርቡ የጋራ ስግደትና ከመደበኛው ትምህርት በኋላ በነበረው የዲን ትምህርት ምክንያት በሚዘገየው አውቶቡስ ላይ ማስተካከያ እንዲደረግ ጠየቀ። በጃንዋሪ 2009 የሲቪል መብቶች ማኅበሩ ኤ.ሲ.ኤል.ዩ. የሚኒሶታ ቅርንጫፍ ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ ሃይማኖት ያራምዳል ብሎ ከሰሰ። ክሱ እየቀጠለ ሳለ ሕጉ ከግዛቱ ውጪ ያለ ድርጅት የቻርተር ተቆጣጣሪ እንዳይሆን በመከልከሉና አዲስ ተቆጣጣሪ በጊዜው ባለመገኘቱ ትምህርት ቤቱ በ2011 ተዘጋ። በክሱ ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ አልከራከርም፤ ስለዚያ ብዙ ተብሏል። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ በጋ በየደጃፉ አዲስ ትምህርት ቤት ሲያፈላልጉ የነበሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው። ልጆቹን ያስገቡት ትምህርትና ዲንን በአንድ ቦታ አገኘን ብለው ነበር።

ጉዳዩ በሙስሊሞች ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። በኦክላሆማ ግዛት ካቶሊኮች ሴንት ኢሲዶር የተባለ የሃይማኖት ቻርተር ለመክፈት በ2023 ፈቃድ አግኝተው ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2024 ፈቃዱን ሻረው። በሜይ 2025 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች አራት ለአራት እኩል ስለተከፈሉ የግዛቱ ውሳኔ እንዳለ ጸና። እንግዲህ ዲንን ፍለጋ ከአንዱ ቻርተር ወደ ሌላው የሚሄድ ወላጅ በሁለቱም ዘንድ የሌለ ነገር እየፈለገ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ቻርተር ለሙስሊም ልጅ እኩል ነው ማለት አይደለም። ማንኛውም ተማሪ በራሱ ጊዜ፣ የክፍል ሥራ ሳያውክ ሊሰግድ ይችላል፤ መምህሩ ግን ሊያሰግደው አይችልም። አንዱ ትምህርት ቤት ለዙህር ባዶ ክፍል ያሳያል፤ ሌላው ልጁን በኮሪደር ያንከራትታል። አንዱ ምሳ ላይ የአሳማ ሥጋ ያለበትን ለይቶ ይጽፋል፤ ሌላው «ዶሮ ነው» ብሎ ያልፋል። ሒጃብ ለለበሰች ልጅ የስፖርት ልብስ ጉዳይ አንዱ ዘንድ በአንድ ቀን ይፈታል፤ ሌላው ዘንድ ዓመት ይፈጃል። የዒድ ቀን ፈተና የሚያወጣም አለ። እነዚህ በትክክል የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው፤ በአካል ሄዶ በምሳ ሰዓት ማየትም ይቻላል። ሐቁን ለመናገር ይህን ሁሉ የሚያሟላው ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የእኛ ሰዎች የሚበዙበት ሆኖ አላገኘሁትም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የይሉኝታ በሽታ አለብን። ዳይሬክተሩ የእኛ አገር ሰው ከሆነ፣ ሰላምታ ሲሰጠን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ከሆነ፣ ልጃችን ሦስት ዓመት ምንም ባይማርም አፋችንን አንከፍትም። «እንዴት ብዬ ወጣሁ እለዋለሁ? በሰርጌ ላይ የነበረ ሰው እኮ ነው!» ያሉኝ አባት አሉ። ልጁ አማና ነው ወንድሜ። የሰርግ እንግዳ ውለታ በልጅ ትምህርት አይከፈልም።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ወላጅ በመጀመሪያ የልጁን ወረቀት ይይ። ሪፖርት ካርድ ብቻውን አይበቃም፤ ውጤት በልግስና የሚሰጥ ትምህርት ቤት ሞልቷል፤ ወላጁ ሁሉም «ኤ» ሆኖ ሲያይ ማሻአላህ ብሎ ያጥፈዋል። በሚኒሶታ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ኤም.ሲ.ኤ. የተባለ የግዛቱ ፈተና በንባብና በሒሳብ ይሰጣል፤ ልጁ የክፍሉን ደረጃ ያሟላ፣ በከፊል ያሟላ ወይም ያላሟላ መሆኑ ለወላጅ በጽሑፍ ይደርሳል። እንግሊዝኛ እየተማሩ ላሉ ልጆች ደግሞ አክሰስ የተባለ ፈተና አለ፤ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ንግግርና ማዳመጥን ለየብቻ ከ1 እስከ 6 ይመዝናል። የሁለት ወይም የሦስት ዓመቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ልጁ በ2 ተጀምሮ በሦስተኛው ዓመትም 2 ላይ ከቆመ የሚጠየቅ ነገር አለ። ካርዱ ላይ «ኤ»፣ በግዛቱ ፈተና «አላሟላም» የሚል ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው ነገር ከዚያ የባሰ ነው። በሌላ በኩል ልጁ ዝቅ ካለ ቦታ ተነስቶ በየዓመቱ እየጨመረ ከሆነ፣ የትምህርት ቤቱ አጠቃላይ ውጤት ዝቅተኛ ነው ስለተባለ ብቻ ከሚያውቁት መምህራን መንጠቅ ተገቢ አይመስለኝም። ብዙ ስደተኛ ልጆች ያሉበት ትምህርት ቤት አጠቃላይ ውጤት ዝቅ ብሎ መታየቱ አይገርምም፤ የሚገርመው ልጆቹ ከገቡበት ሳይንቀሳቀሱ ሲቀሩ ነው።

ቀጥሎ መምህሩ ማን እንደሆነና ስንት ዓመት እንደቆየ ጠይቁ። በአንድ ዓመት ሦስት መምህር የሚቀያየርበት ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ እናንተ ባታዛውሩትም ተዛውሯል ማለት ይቻላል።

ወላጆች ከትምህርት ቤት ጋር ሲነጋገሩ የሚሆነው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያሳዝነኛል። አባት የሌሊት ሺፍት ሠርቶ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል፤ እናት እንግሊዝኛውን ትፈራዋለች፤ አስተርጓሚው ልጁ ራሱ ይሆናል። መምህሯ «ንባብ ላይ በጣም ወደ ኋላ ቀርቷል፤ በክፍልም ያስቸግራል» ስትል ልጁ «ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ብቻ ያወራል ትላለች» ብሎ ይተረጉማል። የአሥር ዓመት ልጅ በራሱ ላይ እንዲመሰክር ማድረግ ከልጁ የሚጠበቅ ነው ወይ? በአሜሪካ ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችን ዋና ጉዳዮችን በሚገባቸው ቋንቋ የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ አስተርጓሚም በነጻ ይጠየቃል። ቻርተርም ከዚህ አይወጣም። አስተርጓሚ ጠይቃችሁ፣ ልጁን ውጪ አስቀምጣችሁ አንድ ጊዜ እንኳ ብትነጋገሩ፣ ለመዛወር ካሰባችሁት ግማሹ ምክንያት ሊቀር ወይም በእጥፍ ሊጨምር ይችላል።

ስለ ቦርዱም ጥቂት ልበል። በሚኒሶታ ሕግ የቻርተር ቦርድ ውስጥ ቢያንስ አንድ መምህር፣ አንድ የተማሪ ወላጅና አንድ የአካባቢ ሰው መኖር አለባቸው። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የቦርድ ምርጫ ሲደረግም ወላጆች ድምፅ አላቸው። ቡና ላይ ትምህርት ቤቱን ሲያብጠለጥል ከሚያመሽ ሰው ስንቱ ነው ቦርድ ስብሰባ ላይ የተገኘ? ቻርተር ከሌላው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚለይበት አንዱ መንገድ ይህ ሆኖ ሳለ እኛ የምንጠቀምበት በመውጣት ብቻ ነው። መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ መውጣታችን ትምህርት ቤቱን እንደሚጎዳው እናውቃለን፤ ዳይሬክተሩም ያውቃል። ታዲያ ከመውጣታችሁ በፊት ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡለት፤ የሚሰማችሁ በዚያን ጊዜ ነው።

መዛወር ግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ልጁ በተደጋጋሚ ሲደበደብና ሲሰደብ ትምህርት ቤቱ አይቶ ዝም ካለ መቆየት ትዕግሥት አይባልም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት እቅድ፣ አይ.ኢ.ፒ. የሚባለው፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ የንግግር ሐኪሙ ወይም ልዩ መምህሩ ሳይመጣ ወራት ካለፈ ዝም ማለት አይገባም። ይህ እቅድ ያለው ልጅ ሲዛወር አዲሱ ትምህርት ቤት ተመጣጣኝ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ስላለበት፣ የእቅዱን ቅጂ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊዘጋ የተቃረበ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ከተቆጣጣሪው ጋር ያለው ውል እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ሲሆን መቼ እንደሚያበቃ መጠየቅ የማንኛውም ወላጅ መብት ነው። ይህን የጠየቀ ወላጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባልና ሚስት በዚህ ጉዳይ ሲጣሉ ደጋግሜ ሸምግያለሁ። አባት በስልክ ከጓደኛው የሰማውን ይዞ ይወስናል፤ ልጁን በየማለዳው አውቶቡስ የምታሳፍረው፣ ደብተሩን የምታየው እናት ግን የምትሰማው ውሳኔውን ነው። ቁርኣን ሕፃን ጡት በማስጣል ጉዳይ እንኳ አባትና እናት እንዲመካከሩና እንዲስማሙ ያዛል፤ ሱረቱል በቀራ ውስጥ ይገኛል። ጡት ለማስጣል ምክክር ካስፈለገ መምህር ለማስጣል እንዴት አያስፈልግም? ከዚያም ኢስቲኻራ ይሰገዳል። ኢስቲኻራን ሕልም የመጠበቂያ አድርገን ሳንጠይቅና ሳናይ ሰግደን «ልቤ ወደዚያኛው አዘነበለ» የምንል ብዙ ነን። ሊቃውንቱ የሚያስተምሩት ግን ጠይቆ፣ አውቆ፣ ወደ አንዱ ካዘነበሉ በኋላ ምርጫውን ለአላህ (ሱ.ወ.) መስጠት መሆኑን ነው።

ለመዛወር የወሰናችሁ እንደሆነ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ይሁን። በዓመቱ መሐል የሚነቀል ልጅ ከትምህርቱም ከጓደኛውም ይጎድላል፤ ከ9ኛ ክፍል በላይ ከሆነ ደግሞ የጀመረው ክሬዲት እንዳይባክን አዲሱ ትምህርት ቤት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ጠይቁ። የአዲሱን ቦታ ሳታረጋግጡ የድሮውን አትልቀቁ፤ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ መመዝገብ ቦታ ማግኘት አይደለም።

ልጁንም ንገሩት። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ለምን እንደሚዛወር ሊጠየቅና ሊሰማ የሚገባው ነው። ከምታዛውሯቸው ልጆች አብዛኞቹ ወሬውን የሚሰሙት በኦገስት መጨረሻ፣ አዲስ ዩኒፎርም ሲለካላቸው ነው፤ መምህራቸውን ሳይሰናበቱ፣ የጓደኛቸውን ስልክ ሳይዙ። በሜይ ወር ብትነግሩት የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ሂዶ መሰናበቻ ያደርጋቸዋል፤ ከመምህሩም ዘንድ ምን እንደጨረሰና ምን እንደቀረው የሚገልጽ አንድ ገጽ ወረቀት ያመጣላችኋል። ያንን ወረቀት ለአዲሱ መምህር በመጀመሪያው ቀን ስጡት።